የሞተ ሰው የለም

ደግ ወሬ ሲመጣ ከሩቅ ይጣራል። ልጅሽ ፈተናውን አለፈ፣ ላምሽ ወለደች የሚል ሰው ገና ከአጥር ውጭ ሆኖ ስም ይጠራል፤ ውሻው ይጮኻል፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ክፉ ወሬ ግን ጨዋ ነው። የጫማውን ጭቃ አራግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሽማግሌ ኋላ ቆሞ ይመጣል። እናንተም ታውቁታላችሁ። በማለዳ ደጃችሁ ላይ ጎረቤቶች ተሰብስበው አንዳቸውም ዐይናችሁን ካላዩ፣ ከመካከላቸውም አንዱ «ዘንድሮ ውርጩ በረታ» ካለ፣ ውርጩን ትታችሁ ልባችሁን ያዙ።

እኔ ግን አልያዝሁም። ባሌ የሞተ ጊዜ መርዶው እንጅባራ ቤቴ የደረሰው እንዲሁ በማለዳ ነበር። በሩን ስከፍት ሽማግሌ ከፊት ቆመዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ይህን ያየ ሕፃን እንኳ ይገባዋል። እኔ፣ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር የኖርሁ ጡረተኛ መምህርት፣ አልገባኝም። ይልቁንም አንድ ነገር ተናገርሁ። የተናገርሁትን እነዚያ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አንሥተውብኝ አያውቁም፤ አስታዋሿ እኔው ነኝ። ምን እንዳልሁ እነግራችኋለሁ። ነገር ግን የባሌን ሥራ ሳታውቁ ብነግራችሁ ሞኝ ሆኜ እታያችኋለሁ። ሥራውን ካወቃችሁ በኋላም ሞኝ ትሉኝ ይሆናል፤ ያኔ ግን አውቃችሁ ነው።

ባሌ ደምለው የገቢዎች ሠራተኛ ነበር። ይህን ስል ከእናንተ ግማሹ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ እንዳደረገ አውቃለሁ። ቆዩ፤ ገና አልጨረስሁም። ተራ ግብር ሰብሳቢ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። የእርሱ ሥራ ከከሰሩ ነጋዴዎች ላይ የመንግሥትን ግብር ማስከፈል ነው። አንድ ነጋዴ ሲከስር ያበደረው ባንክ፣ ዕቃ በዱቤ የሰጠው፣ ቤት ያከራየው፣ ሁሉም «የእኔስ?» እያለ ፍርድ ቤት ይሰለፋል። የተረፈው ንብረት ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። ደምለው እንዳስረዳኝ ከሆነ ከሠራተኞች ደመወዝ ቀጥሎ የሚቆመው መንግሥት ነው፤ ሌላው ከእርሱ ኋላ ይገፋፋል። በዚያ ሰልፍ ላይ የመንግሥትን ቦታ ይዞ የሚቆመው ሰው የእኔ ባል ነበር። ንብረቱ በሌሊት ወደ አማች ቤት እንዳይሸሽም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ፣ አንድ ፖሊስ አስከትሎ፣ መደብሩን ያሽጋል። ስለዚህ በዳንግላም፣ በጫግኒም፣ ቆሰበር በምንላት በዚህች በእንጅባራም ደምለው ብሎ የሚጠራው አልነበረም። አሻጊው ነበር።

የአሻጊው ሚስት ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሳልጠየቅ ልናገር። ገበያ ስወጣ ሚዛን የሚሰርቀኝ ነጋዴ አልነበረም። ይህን እንደ ክብር የቆጠርሁበት ዘመን ነበር። ቆይቼ ሳስተውለው ሚዛኑ ሙሉ፣ ሰላምታው ጎዶሎ ነው። ለቅሶ ቤት ደምለው የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ሁልጊዜ ቦታ ይተርፋል። ድንገት አጠገቡ የተቀመጠ ነጋዴ ካለ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ እንኳ ደኅና ነኝ፣ ሥራም ደኅና ነው» ይላል። ደምለው አንገቱን ይነቀንቃል። ቤት ስንገባ «ያ ሰውዬ ሊከስር ነው» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም ነበር።

የከሰረ ሰው ነገር ከሁሉ የሚከፋው ቃል የሌለው መሆኑ ነው። ለሞተ ሰው ነፍስ ይማር እንላለን። ከብት ለሞተበት እግዜር ይተካ እንላለን። ለታመመ እግዜር ይማርህ አለን። ለከሰረ ሰው ግን የምንለው የለንም። እርስ በርሳችን «ምን ሠርቶ ይሆን?» እንባባላለን እንጂ ለራሱ የምንለው ቃል አባቶቻችን አላቆዩልንም። ስለዚህ መንገድ ላይ ስናገኘው ቃል እንዳጣን እንዳይታወቅብን መንገድ እንቀይራለን። ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ ከስሮም እንዳልከሰረ ሆኖ ይኖራል፤ ባዶ ካርቶን መደርደሪያው ላይ ይደረድራል፤ ለልጁ ሠርግ ይበደራል፤ በመጨረሻ ወረቀት በሩ ላይ ሲለጠፍ ከከተማው ሁሉ ጋር እኩል ይሰማል።

አንድ ጊዜ ጫግኒ እንዲህ ያለ ነገር ሆነ። ባለ ሱቁ ለእህል ግዢ ወደ ቆላ ወርዶ ሳለ መደብሩ ታሸገ። ሲመለስ ከመናኸሪያ በባጃጅ መጣ። የባጃጁ ልጅ ፍሬን ሲይዝ፣ በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ መንገዱ ማዶ ቁሞ የሚያይ ሰው። ሰውየው ከባጃጁ አንድ እግሩን አወረደ፤ ሁለተኛውን ማውረድ አልቻለም። አፉ ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ እስኪያርፍ ድረስ ቃል አልወጣውም። ደምለው ያን ዕለት ቤት ገብቶ እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። ስሜን ትቶ መምህርት ነበር የሚለኝ።

«መምህርት» አለኝ፣ «ሰው ሲሞት እንኳ በወግ ይነገራል።»

ከዚያ በኋላ የሥራ ልማዱን ለወጠ። ይህን ልማድ በየትኛውም መመሪያ ውስጥ አታገኙትም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ነጋዴው አይደለም፤ ነጋዴው ወደሚያከብራቸው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ሁለት ሦስት ጎረቤት ይመርጣሉ። ከዚያ ልክ እንደ መርዶ ገበያ ሳይነቃ፣ መንገደኛ ሳይኖር፣ ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ አብረው ይሄዳሉ። ሽማግሌው ይናገራሉ። ሰውየው በሰው መካከል ሆኖ ይሰማል። ከወደቀም የሚያነሣው አለ።

አለቃው ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ደምለው፣ ሚስጥር ነው እኮ! ለሽማግሌ ነግረህ ንብረቱ አድሮ የሚገኝ ይመስልሃል?»

«መርዶ የያዘ ሰው አያወራም፣ ጌታዬ።»

«አንድ መኪና ቢሸሽ አንተን ነው የማስከፍልህ።»

ደምለው እሺ አለ። ይህን ሲነግረኝ እኔ ቤታችንን ዞር ብዬ አየሁት፤ መኪና የሚያህል ዋጋ ያለው ነገር አልነበረበትም። ደምለው ግን ልክ ነበር። በዚህ አገር ሠርግ ይወራል፣ ንስሐ ሳይቀር ይወራል፤ መርዶ የያዘ ሰው ግን ሚስቱ እንኳ ብትጠይቀው ስለ ድንች ነው የሚያወራላት። አንድም መኪና አልሸሸም።

አሁን ወደ ይርጋ ልምጣ።

ይርጋ የዳንግላ የከሰል ነጋዴ ነበር። ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ነገር የማታውቁ ካላችሁ፣ ይህ ዛፍ እኛ አገር የስንቱን የሣር ቤት ቆርቆሮ ያለበሰ ነው። ገበሬው እህሉን ትቶ እርሱን ተከለ፣ አክስሎ ሸጠ፣ ልጁን አስተማረ። ይርጋም ከባንክ ተበድሮ ኢሱዙ ገዛ፤ ያልደረሰ ደን ሳይቀር ገና በቁሙ ከገበሬው ላይ ገዛ። ከዚያ በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ልክ ብረት እንደሚዝግ ዛገ፤ ዛፉ በቁሙ ደረቀ። በዚያ ላይ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ የተጫነው ከሰል ዝናብ በላው። ይርጋ ከሰረ። ኩሩ ነበርና ለማንም አልተናገረም። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱንም መጠጥ ቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«የአባቴ ምንሽር ጾም ላይ ነች። አሻጊው ደጄን የረገጠ ዕለት ትፈታለች።»

ወሬው ቆሰበር ሳይውል ሳያድር ደረሰ። ለእኔ የነገረችኝ ጎረቤቴ የሺ ናት፤ እየሣቀች ነው የነገረችኝ፤ ፊቴን አይታ ግን ሣቋን ዋጠች። ከዚያ ወዲህ ባሌ በጠዋት ሲወጣ ኮቱን አስተካክልለታለሁ፤ የተጣመመ ነገር ኖሮት አልነበረም። የይርጋ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት እንደወጣ ያወቅሁትም ደምለው እራት ላይ እንዲህ ሲለኝ ነው፦

«መምህርት፣ ዳንግላ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«ምን ልሠራ?»

«ሚስቱ እናንየ ትባላለች። ሴቲቱን የምትይዝ ሴት ታስፈልጋለች።»

በመርዶ ጊዜ ሁልጊዜ አንዲት ሴት አለች፤ ሥራዋ ማልቀስ አይደለም፤ መርዶ የሚነገራት ሴት ራሷን ከመሬት እንዳትፈጠፍጥ መያዝ ነው።

«የዳንግላ ሴት አለቀ?»

«የዳንግላ ሴት ወይ ከይርጋ ገንዘብ አላት ወይ የይርጋ ገንዘብ አለባት። ነጻዋ አንቺ ነሽ።»

«የአሻጊው ሚስት ነጻ?»

«ማን እንደሆንሽ አትጠይቅሽም» አለ። «እንዲህ ባለ ሰዓት ማን ማንን ይጠይቃል?»

እውነቱን ለመናገር እሺ ያልሁት ለእናንየ ብዬ አይደለም። ባሌ ያን ደጅ ሲረግጥ ቤት ተቀምጬ የስልክ ጥሪ መጠበቅ ስላልቻልሁ ነው።

ዳንግላ ያደርነው የይርጋ አባት ጓደኛ ከነበሩት ሽማግሌ፣ ከአያ ተገኘ ቤት ነው። ማለዳ ስንወጣ ከተማዋ ጉም ውስጥ ነበረች፤ ባሕር ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ብቻ ይታያሉ። አያ ተገኘ ከፊት፣ ጎረቤቶች ከኋላቸው፣ ከዚያ ደምለው፣ መጨረሻ እኔና አንዲት የአያ ተገኘ የወንድም ልጅ። ፖሊሱ ከአጥሩ ጥግ እንዲቆይ ደምለው ለመነው። «ጠመንጃ ይዞ መርዶ የሚሄድ የለም» አለው። ፖሊሱም «ጠመንጃ ይዞ መርዶ የሚቀበልስ?» ብሎ ጠየቀ።

ውሻው ጮኸ። አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀጥሎ በዚህ አገር ያደገ ሁሉ ከሩቅ የሚለየውን ድምፅ፣ የምንሽር መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ተገኘ።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ክፈት አንተ ልጅ። ውርጩ በረታብን።»

አያ ተገኘ ይህን ያሉት ከልምድ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በየሰው ደጅ መርዶ ሲነግሩ ኖረዋል፤ አፋቸው ሌላ አያውቅም። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው የምንሽሩ አፍ ነው። ከዚያ ይርጋ፣ ባዶ እግሩን። አፈሙዙ አያ ተገኘን አለፈ፣ ጎረቤቶቹን አለፈ፣ ደምለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንተ አሻጊው አይደለህም?»

ደምለው ወደ አያ ተገኘ ዞረ። በወጉ መጀመሪያ የሚናገሩት ሽማግሌ ናቸው። እኔ እንኳን እናንየን ልይዝ የአጥሩን እንጨት ይዤ ነው የቆምሁት። አያ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መርዶ የሚነግር ሰው ጉሮሮውን የሚጠርገው ቀስ ብሎ ነው፤ እርሳቸው ያን ያህል ቀስ ብለው የጠረጉበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

በዚህ መካከል እናንየ ከባሏ ኋላ ብቅ አለች። እርሷ ደምለውን አላየችም። ያየችው እኛን ነው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጉም ውስጥ የቆሙ ሁለት ሴቶችን። «ውርጩ በረታብን» የሚለውንም ሰምታለች። አንድ ጊዜ በአገውኛ «ልጄን» ብላ ጮኸች፤ ወደ ፊት ተደፋች።

ያላወቅነው ነገር ነበር። የበኩር ልጃቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጭነት ይዞ ኔትወርክ ወደሌለበት አገር ከሄደ ሰንብቷል፤ ስልኩ አይሠራም። እናትና አባት ሌሊት ሌሊት ሳይተኙ የሚያድሩት ስለ ባንክ ዕዳ አልነበረም ለካ። አያ ተገኘ የልጁን ነገር ያውቁ ነበር። ኋላ ደምለው ሲጠይቃቸው «እኔማ ሰው ሁሉ የሚያውቅ መስሎኝ» አሉ።

እንዴት እንደደረስሁባት አላውቅም። ብቻ ራሷ መሬት ሳይነካ ያዝኋት። ይርጋ ምንሽሩን እንደያዘ ቆሟል፤ አፈሙዙ ግን ደምለውን ትቶ ወደ መሬት ወርዷል። ጣቱ ካለበት አልተነሣም።

«ልጄ ነው?» አለ። «አያ ተገኘ፣ ልጄ ነው?»

አያ ተገኘ ያልተዘጋጁበት ጥያቄ ሆነባቸውና አፋቸው ተሳሰረ። ዝምታቸው ለይርጋ መልስ ሆነ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ሰው እንዲያ ሆኖ ጣቱ ቃታ ላይ ካለ መሬት የወረደ አፈሙዝ መሬት ላይ እንደማይቀር ገባኝ።

ደምለው ወጉን ሰበረ። ሽማግሌውን አልፎ፣ አፈሙዙንም አልፎ፣ ይርጋ ፊት ቆመ። አማርኛ የሥራ ቋንቋው ነው፤ ትእዛዝ የሚያነብበት። ያን ጊዜ ግን በእናቱ ቤት ቋንቋ፣ በአገውኛ ተናገረ።

«የሞተ ሰው የለም። ስለ ልጅህ አልመጣሁም፤ ስለ ልጅህ የማውቀው ነገር የለም። የገቢዎች ደምለው ነኝ። ከስረሃል፤ መደብርህን ላሽግ መጥቻለሁ።»

ይርጋ ዐይን ዐይኑን አየው። «ማል።»

«በምን ልማል?»

«በእናትህ።»

«እናቴን፣ መደብርህን ላሽግ እንጂ ለሌላ አልመጣሁም።»

«ግብር ነው?»

«ግብር ነው።»

«ግብር ብቻ?»

«የባንኩም አለ» አለ ደምለው። ውሸት አይሆንለትም ነበር።

«ተመስገን» አለ ይርጋ፤ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ምንሽሩ ከእጁ ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ እጄ ላይ የነበረችው እናንየ ቀና አለች፤ እንባዋ እየወረደ እልል አለች። አንድ ጊዜ አይደለም። ጎረቤት ልጁ የገባ መስሎት እልልታውን ተቀበለ። የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ ቤት ሊያሽግ መጥቶ እልል የተባለለት ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ።

አያ ተገኘ ምንሽሩን አንሥተው አልጋ ሥር ከተቱት። ፖሊሱ በኋላ ሲጠየቅ ጉም ነበርና ምንም አላየሁም አለ፤ ጉሙ በእርግጥ ነበር። ይርጋ የመደብሩን ቁልፍ ራሱ አመጣ። ደምለው ወረቀቱን ሲለጥፍ ጠመመበት፤ ይርጋም ከኋላው ቁሞ «ቀጥ አድርገህ ለጥፈው እንጂ፤ ጠማማ ነገር ደጄ ላይ አልወድም» አለው። ከዚያ ወሬው እየተሰማ ሰው መጣ። ማንም ሳያዝዝ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ጎረቤት እዝን ይዞ ገባ፤ ከይርጋ ጋር ተቀምጦ በላ። የሚሉት ቃል አልነበራቸውም። መቀመጥ ግን ቃል አይፈልግም።

ልጁም በሳምንቱ ደወለ። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ኖሯል።

እናንተ ደምለው ያን ካየ በኋላ ለይርጋ የራራ ይመስላችኋል። አልራራም። ኢሱዙው ተሸጠ፣ መጋዘኑ ተሸጠ፤ የመንግሥት ድርሻ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል ገባች። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱንም የሞላችው እናንየ ናት። መደብሩ የተሸጠ ሰሞን መጥታ ደጃችን ቆመች። ግቢ ብንላት አልገባችም።

«ወንድሜ» አለችው፣ «ሥራህን ሥራ፤ አልተቀየምሁህም። ግን ያን ዕለት ነፍሴን አውጥተህ ነው የመለስህልኝ። ከእንግዲህ የሰው ደጅ ስትረግጥ ስለ ውርጭ አታውሩ። መጀመሪያ የሞተ ሰው የለም በል። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።»

ደምለው ከማንም አለቃ እንዲያ ያለ ትእዛዝ ተቀብሎ ሲፈጽም አላየሁም። ከዚያ ወዲህ በየደረሰበት ደጅ በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ቃል «የሞተ ሰው የለም» ሆነ። ከዚያ ሽማግሌው ይቀጥላሉ። ብዙ ጊዜ እኔም አብሬ ሄድሁ። ስንቷን ሴት እንደያዝሁ አልቆጠርሁም፤ ቃሉ ከተነገረ በኋላ ግን ራሷን የጣለች አንዲትም አልነበረችም። የጫግኒ ባጃጅ ነጂዎችም ቀልድ አደረጉት፤ ደምለው ሲያልፍ «አሻጊው፣ ዛሬስ የሞተ አለ?» ይሉታል። «የለም» ይላል እየሣቀ።

ይርጋ ከሰሉን ትቶ ጫግኒ ወረደ፤ የእህል ድለላ ጀመረ። ደምለው ለሥራ ሲወርድ ምሳ አብረው ይበሉ ነበር። ሁለቱም የየራሳቸውን ይከፍላሉ፤ ደምለው ካሸገው ሰው አይጋበዝም፤ ይርጋም አሻጊውን አይጋብዝም። አስተናጋጇ ገና ያልታረቁ ባላጋራዎች ናቸው ትል ነበር አሉ።

ደምለው የመጨረሻውን ጊዜ ጫግኒ የወረደው የአንድ ወፍጮ ቤት ጉዳይ ይዞ ነው። በደረሰ በማግስቱ ካረፈበት አልጋ ሳይነሣ ቀረ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ሄዶ በሩን ያስከፈተው ምሳ ላይ ሲጠብቀው የቀረበት ይርጋ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስልክ ሊደውሉልኝ ሲያነሡ ይርጋ እጃቸውን ያዘ።

«የዚህ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ።

ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ማታ የማውቀው የሺ መጥታ «ስልኬ ባትሪ ጨረሰ፤ ያንችን እስከ ጠዋት አውሽኝ» ማለቷን ብቻ ነው። ሰጠኋት። ራት በላሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ስለ ድንች ዋጋም አወራችልኝ። ተኛሁ።

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከፈትሁ። ውርጭ ነበር፤ ስለ ውርጩ ግን ማንም ያወራ የለም። አያ ተገኘ ከዳንግላ ድረስ መጥተው ከፊት ቆመዋል። ይርጋ ከኋላቸው፣ እናንየ አጠገቡ። የሺና የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔም አየኋቸውና ይህን አልሁ፦

«ደምለው የለም፤ ጫግኒ ነው። ዛሬ ደግሞ የማን ደጅ ነው? ቆዩኝ ነጠላዬን ልልበስ። ሴቲቱን የምይዛት እኔ ነኝ።»

አያ ተገኘ ፊታቸውን አዞሩ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈለግሁ። ቀና አልሁ። ይርጋን አየሁት። ቃሉን ያውቀዋል፤ ከሁሉም በላይ እርሱ ያውቀዋል። የሞተ ሰው የለም ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

ያን ጊዜ እናንየ ከኋላዬ መጥታ ሁለት እጆቼን ያዘች። ሴቲቱ ማን እንደሆነች ገባኝ።

በቀብሩ ዕለት የቆሰበር መደብሮች ከላይ እስከ ታች ተዘግተው ዋሉ። አንዱንም ያሸገው የለም። አግዳሚው ላይ የተረፈ ቦታ አልነበረም፤ ከጫግኒ የመጡት ነጋዴዎች ቆመው ነው ያመሹት። ደምለው ቢያየው «ይህ ሁሉ ሰው ሊከስር ነው» ይለኝ ነበር።

አሁን ለእናንተ ለአንባቢዎቼ አንድ ልመና አለኝ። ባሌ በሕይወቱ ዘመን በየሰልፉ ከፊት ይቆም ነበር፤ የቆመው ግን ለመንግሥት ነው። ዛሬ ባለበት ሰልፍ ቅድሚያ የለውም፤ ወኪልም አልሆነም፤ እንደ ማንም ሰው በራሱ ስም ተራውን ይጠብቃል። ለከሰረ ቃል የለንም ብዬ ነበር፤ ለሞተ ግን አለን። አሻጊው ብትሉ በዚያ አይታወቅም፤ የክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል ነው። ከስሮ የሚያውቅም ይሁን ከስሮ የማያውቅ፣ ግብሩን የከፈለም ያልከፈለም፣ ይህን ያነበበ ሁሉ አንድ ጊዜ በስሙ ጠርቶ ነፍሱን ይማር ይበልልኝ።